ጥላሸቱን ማን አወጣው?

ማድ ቤት ውስጥ ማገዶ እየነደደ እንጀራ ሲጋገር አብሮ ያመሸ ሰው፣ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ከአፍንጫው የሚወጣውን ያውቀዋል። ጥቁር ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ የሚተፋው አክታም ጥላሸት አለበት። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ ተማሪዎቼ ይሽኮረመማሉ፤ እኔ ግን የሳንባን ትምህርት ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚሁ ነው። አፍንጫ ላይ የታየው እዚያው የተያዘው ነው፣ እሱ አያስገርምም። አክታው ውስጥ ያለው ግን ማታ ከጭሱ ጋር ወደ ታች ወርዶ የነበረ ነው። ታዲያ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ጥላሸቱን ከታች ወደ ላይ ማን ተሸክሞ አመጣው?

የአየር ቧንቧችንን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት ናቸው። በመጽሐፍ ቋንቋ ይህ ሽፋን ኤፒተልየም ይባላል፤ እኔ እዚህ «ሽፋኑ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ብዙዎቻችን ሳንባን የምናስበው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ አየር ይስባል፣ አየር ይገፋል። በሽታን የሚዋጋልን ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስ ነው ብለን ተምረናል። ትምህርቱ ስህተት የለበትም፤ ግን አንድ ነገር ዘሎ አልፏል። ነጭ ሕዋሳቱ የሚጓዙት በደም ሥር ውስጥ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ግን በአየሩ በኩል ነው። መምጣቱን ማን ይነግራቸዋል? የት ቦታ ከደም ሥሩ እንደሚወጡስ ማን ያሳያቸዋል? ሥራቸውን ሲጨርሱ «ይበቃል» የሚላቸውስ? ለሦስቱም ጥያቄ የመልሱ ትልቅ ድርሻ ከሽፋኑ ዘንድ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ሰዓት ያላችሁ ሰዓታችሁን አውጡና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍሱ ቁጠሩ። አርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ 15 ጊዜ ገደማ ይተነፍሳል፤ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይገባል። በደቂቃ 7.5 ሊትር ሆነ። በሰዓት 450 ሊትር፣ በቀን 10,800 ሊትር። ውሃ የምናጠራቅምበት ትልቁ በርሜል 200 ሊትር ስለሚይዝ፣ በየቀኑ 54 በርሜል አየር በደረታችን ያልፋል ማለት ነው። አየሩም ባዶውን አይመጣም። አቧራ አለበት፣ ጭስ አለበት፣ የአበባ ብናኝ አለበት፣ አጠገባችን ያስነጠሰ ሰው የተወው ጠብታ አለበት።

ይህ ሁሉ አየር የት ይደርሳል? በበዓል ቀን በግ ሲበለት ሳንባውን በእጁ የዳሰሰ ሰው ልስላሴውን ያስታውሳል፤ ውሃ ውስጥ ቢከቱት ይንሳፈፋል። የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያሉት በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። የሰውም እንደዚያው ነው። ከጉሮሮ የሚወርደው ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ ለሁለት፣ እንዲህ እያለ 23 ጊዜ ያህል። መጨረሻው ላይ የአየር ከረጢቶቹ አሉ፤ በሁለቱ ሳንባዎች 480 ሚሊዮን ገደማ። ሁሉም ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ 8 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ወለል አስቡ። ቆዳችን እንኳ ተገፍፎ ቢዘረጋ ከ2 ካሬ ሜትር አይበልጥም፣ ያውም ወፍራምና ደረቅ ነው። በከረጢቶቹ ውስጥ ግን አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያንሳል። እንዲህ ካልሳሳ ኦክስጅን ወደ ደም አይሻገርም። ሰውነታችን ለውጭው ዓለም ከከፈታቸው በሮች ሁሉ ሰፊውም ስሱም ይኸኛው ነው።

አሁን ሕዋሳቱን እንተዋወቅ። በቧንቧው ውስጥ ከሚታዩት ብዙዎቹ ባለ ጸጉር ናቸው። በእያንዳንዱ ራስ ላይ ሲሊያ የሚባሉ 200 ያህል ጥቃቅን ጸጉሮች ቆመው በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይመታሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመቱም፤ አንዱ ረድፍ ሲነሳ ቀጣዩ ይከተላል። ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ የሚታየውን ሞገድ ካስታወሳችሁ በትክክል እሱን ይመስላል። በመካከላቸው ዋንጫ የመሰሉ ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳት አሉ። ከሁሉም ሥር፣ መሠረቱን ተደግፈው፣ መሠረታዊ ሕዋሳት የሚባሉት ተቀምጠዋል። እነዚህን ለጊዜው አቆዩልኝ፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ሁሉም ጎን ለጎን ተደርድረው ራስጌያቸው አካባቢ በፕሮቲን ክር እርስ በርስ ተሰፍተዋል፤ ጥሩ የሞሶብ ስፌት ዐይኑ እንደማይታየው፣ በመካከላቸው ማለፊያ አይገኝም። ከላያቸው ሁለት ንብርብር ፈሳሽ አለ፤ ከሥር ቀጭን ውሃ፣ ከላይ የሚያጣብቅ ንፍጥ። ጸጉሮቹ ውሃው ውስጥ እንደ ልባቸው ይወዛወዛሉ፤ ጫፋቸው ብቻ ንፍጡን እየነካ ወደ ላይ ይገፋዋል። በትልቁ ቧንቧ ውስጥ ፍጥነቱ በደቂቃ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። ጉሮሮ ሲደርስ አብዛኛውን ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የቀረውን ጠዋት እንተፋዋለን። ጥላሸቱን ያወጡት እነዚህ ጸጉሮች ናቸው።

ንፍጥን መናቅ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን እንደ ሙጫ ከማጣበቅ ያለፈ ሥራ አለው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘታቸው 6 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ከጉንፋን ታማሚ የተወሰደ ንፍጥ ባክቴሪያን ሲያሟሟ እንዳዩ አስታውቀው ነበር። ያገኙት ነገር ላይሶዛይም ተባለ፤ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው። ዛሬ ሽፋኑና ከሽፋኑ ሥር የሰረጉት ዕጢዎች ይህንንና ሌሎች ብዙ ገዳይ ፕሮቲኖችን ወደ ንፍጡ እንደሚያፈሱ እናውቃለን። ከዚህም አልፎ ሽፋኑ ያስተላልፋል፤ ከሥሩ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት የሠሩትን አንቲቦዲ በአንድ ጎኑ ተቀብሎ፣ በሆዱ አሻግሮ፣ በአየሩ በኩል ያወጣዋል።

እስካሁን ያየነው የጽዳት ሥራ ነው። ወደ ከባዱ ክፍል ስንገባ ምሳሌ የማደርገው ኢንፍሉዌንዛን ነው፣ አገራችን ክፉኛ ታውቀዋለችና። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን የመታው፣ እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» የምንለው፣ በዚያው ወቅት ዓለምን ያዳረሰው የእ.ኤ.አ. 1918 ኢንፍሉዌንዛ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ በሽታ ትዝታ ነው። ያ ቫይረስ በሰው ደረት ውስጥ ምን እንዳደረገ ደረጃ በደረጃ እንከተለው።

ቫይረስ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይራባም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚገባው በሽፋኑ ሕዋሳት ላይ የተንጠለጠለ ሳያሊክ አሲድ የሚባል የስኳር ዓይነት ይዞ ነው። ንፍጡም ውስጥ ይኸው ስኳር ስላለ ቫይረሱ እዚያ ላይ ተሳስቶ ይያዛል፤ ጸጉሮቹም ጠርገው ያወጡታል። ቫይረሱ ግን ስኳሩን የሚቆርጥ የራሱ መቀስ፣ ኒውራሚኒዴዝ፣ ይዞ ይመጣል። ከሺዎቹ ጥቂቶቹ ቆርጠው ያልፋሉ። አንዱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ማባዛት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የትምህርቱ እምብርት ይኸ ነውና። የተያዘው ሕዋስ መያዙን ያውቃል። እንዴት? ሕዋሱ ራሱ የሚሠራው የአርኤንኤ መልእክት ሁሉ ጫፉ ላይ ቆብ አለው። የቫይረሱ አርኤንኤ ሲባዛ ግን ቆብ የሌለው፣ ጫፉ የተራቆተ ቅጂ ይታያል። ሪግ-አይ የሚባል ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ እየዞረ ይህን ራቁት ጫፍ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ይያያዘውና የማስጠንቀቂያውን ሰንሰለት ያስነሳል። ለባክቴሪያም ሌሎች ጠባቂዎች አሉ፤ አንዱ የባክቴሪያ መዋኛ ጅራት የተሠራበትን ፕሮቲን ብቻ ይለያል። የእነዚህን ጠባቂዎች ቤተሰብ ምስጢር የገለጡት ብሩስ ቦይትለርና ጁልስ ሆፍማን የእ.ኤ.አ. 2011ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ልብ በሉ፦ እስካሁን አንድም ነጭ ሕዋስ አልደረሰም። ጠላትን የለየው ሽፋኑ ብቻውን ነው።

ከዚያ ሕዋሱ ሁለት ጥሪ ያሰማል። የመጀመሪያው ለጎረቤት ነው። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከዶሮ ዕንቁላል በተወሰደ ስስ ሽፋን ላይ አደረጉ። ሽፋኑ ከዚያ በኋላ ሕያው ቫይረስ ሲሰጠው አልቀበልም አለ። ይበልጥ የሚገርመው፣ ሽፋኑ የነበረበትን ፈሳሽ ወስደው ምንም ቫይረስ ያልነካው ሌላ ሽፋን ላይ ሲያደርጉት፣ ያም ቫይረሱን ተቋቋመ። በፈሳሹ ውስጥ መልእክት ነበረ። ስሙን ኢንተርፌሮን አሉት። ኢንተርፌሮን የደረሰው ጎረቤት ሕዋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ያነቃል፤ አንዳንዶቹ የቫይረስን አርኤንኤ ይቆራርጣሉ፣ አንዳንዶቹ የፕሮቲን ሥራውን ያቆማሉ። የተያዘው ሕዋስ ይሞታል፤ ጎረቤቱ ግን በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። ጉንፋን ሲይዘን የሚሰማን መጫጫንና ትኩሳት ከፊሉ የዚሁ መልእክት ሥራ ነው።

መልእክቱ ካልደረሰስ? በኮቪድ ዘመን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በጽኑ የታመሙ 987 ሰዎች ሲመረመሩ፣ 101ዱ በደማቸው ውስጥ የገዛ ራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ተገኘባቸው። ሽፋኑ ጮኾ ነበር፤ ጩኸቱ ግን መንገድ ላይ ታፈነ።

ሁለተኛው ጥሪ ለደሙ ነው። ሕዋሱ ኢንተርሉኪን 8 የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ይለቃል። በአቅራቢያው ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ ፈሳሽ ይወጣል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት የኬሚካሉን ሽታ ተከትለው፣ ወደ ጠነከረበት አቅጣጫ እየታጠፉ፣ ከደም ሥሩ ሾልከው ወደ አየሩ በኩል ይወጣሉ። ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ብግነት ይሉታል። እናቶቻችን ደግሞ ከሐኪሞቹ ቀደም ብለው «ቁስሉ ተቆጣ» ይሉ ነበር፤ ይህ አባባል እጅግ ደስ ይለኛል። ቀላ፣ ጋለ፣ አበጠ፣ አመመ ማለት ነው። በሳንባም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የምናየው በሳል፣ በአክታና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ነው እንጂ። አክታ አረንጓዴ የሚሆነውም ከዚሁ ነው፤ ኒውትሮፊሎች የሚሸከሙት ብረት ያለበት ኢንዛይም ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ የአክታ ቀለም ብቻውን «ባክቴሪያ ነው፣ አንቲባዮቲክ ስጡኝ» አያሰኝም። ነጮቹ ሕዋሳት መምጣታቸውን ነው የሚናገረው፤ ጠሪው ቫይረስም ሊሆን ይችላል።

አንድ ተማሪ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ቁጣው እንዴት ይበርዳል?» ሽፋኑ ጠሪ ብቻ ሳይሆን አብራጅም ነው። በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ እየዞሩ ብናኝ የሚለቅሙ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የሽፋኑ ሕዋሳት ፊታቸው ላይ ሲዲ200 የሚባል ፕሮቲን አላቸው፤ ማክሮፋጁም ይህን የሚጨብጥበት እጅ አለው። ጤነኛው ሽፋን ሲጨብጠው ማክሮፋጁ ረጋ ብሎ ይሠራል፤ በየአቧራው አይቆጣም። እንግዲህ አስቡት፦ ቫይረሱ ሽፋኑን ሲያረግፈው ሰውነት የሚያጣው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ጠራጊው፣ ጠሪውና አብራጁ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

በኅዳር በሽታ የሆነው ይህ ነው። በ1918 ከሞቱት ሰዎች ተወስዶ ለዘመናት የተቀመጠ የሳንባ ናሙና ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች የ58 ሰዎችን ናሙና በማይክሮስኮፕ እንደገና አዩት። በሁሉም ዘንድ ማለት ይቻላል ከቫይረሱ በኋላ የገባ ባክቴሪያ ያስከተለው የሳንባ ምች ምልክት ተገኘ። ቫይረሱ በር ሰባሪ ነበር። ጸጉሮቹ ረግፈው የሚጠርግ ስለጠፋ፣ ሥረ መሠረቱም ስለተራቆተ፣ በጤናማ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርሱ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ወርደው ተስፋፉ።

ቁጣው እስከ ታች፣ እስከ ከረጢቶቹ ከወረደ ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ሁለት ዓይነት የሽፋን ሕዋስ አለ። አንደኛው ዓይነት እንደ ስስ እንጀራ ተዘርግቶ የከረጢቱን ገጽ 95 በመቶ ያህል ይሸፍናል፤ ኦክስጅን የሚሻገረው በእሱ በኩል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ድቡልቡል ነው፤ በቁጥር ቢበዛም የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው። ሥራው ግን ብዙ ነው። ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይዘጉ የሚያደርገውን ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሳይ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ተህዋስያንን ይዞ ለማክሮፋጅ የሚያቀርብ ፕሮቲን ይጨምራል፤ አንደኛው ዓይነት ሲሞትም ተባዝቶ ይተካዋል። ሁለቱም አብረው ሲጎዱ ከደም ሥሩ የወጣው ፈሳሽ ከረጢቱን ይሞላዋል፣ ኦክስጅንም መሻገሪያ ያጣል። በ1918 የታማሚዎች ፊት ወደ ሰማያዊ ይጠቁር የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን እነዚያን ያቆየናቸውን መሠረታዊ ሕዋሳት እንጥራቸው። ከላይ ያሉት ሲረግፉ እነሱ ከሥር ሆነው ይተርፋሉ። ተዘርግተው የተራቆተውን ቦታ ይሸፍናሉ፣ ይባዛሉ፣ ከዚያ ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ጸጉር ያበቅላሉ፣ ንፍጥ ማመንጨት ይጀምራሉ። ይህ ሳምንታት ይወስዳል። ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ለቅቆት ሳሉ ግን ወር የሚያቆየው ሰው ሞልቷል። ቫይረሱ የለም፤ ጸጉሮቹ ገና አልበቀሉም። ጠራጊው እስኪመለስ ድረስ ሥራውን የሚሠራው ሳል ነው።

ጭሱስ? ጭስ እንደ ቫይረሱ በአንድ ሳምንት አያረግፍም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሸረሽራል። ዓመት ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጭስ የምትሠራ እናት ደረት ውስጥ ጸጉሮቹ ያጥራሉ፣ ይደክማሉ፤ ንፍጥ አመንጪዎቹ ይበዛሉ፤ ስፌቱ ይላላል፤ ኢንተርሉኪን 8 ሳያቋርጥ ይለቀቃል። የተጠሩት ኒውትሮፊሎች ጠላት ሳያገኙ ለጠላት ያመጡትን ኢንዛይም እዚያው ያፈሳሉ፣ የገዛ ግድግዳችንንም ይበላል። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ሴቶች ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የሚያገኛቸው በዚህ መንገድ ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ መጥረጉን እወደዋለሁ፤ ማቃጠሉን ግን ልብ ልንለው ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ያ በሽታ የገደለን ይህን ሽፋን አርግፎ ነው፤ ጭሱም የሚነካው ይህንኑ ሽፋን ነው።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ክፍል ካለቀ በኋላ ቀርታ ጠየቀችኝ፦ «ቁጣው እንዲህ የሚጎዳ ከሆነ ገና ሲጀምር በመድኃኒት ለምን አናበርደውም?» የመለስሁላት በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ ሆስፒታል ለገቡ የኮቪድ ታማሚዎች ዴክሳሜታሶን የሚባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት ተሞከረ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት በ28 ቀን ውስጥ 41.4 በመቶው ሲሞቱ፣ ከወሰዱት የሞቱት 29.3 በመቶ ሆኑ። ብዙ ነፍስ ነው። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው ታማሚዎች መካከል ግን ካልወሰዱት 14 በመቶ፣ ከወሰዱት 17.8 በመቶ ሞቱ። ይህ ሁለተኛው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፤ ጥቅም አለመገኘቱ ግን አያጠያይቅም። ለምን ይመስልሻል አልኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «የመጀመሪያዎቹ ቫይረሱን ጨርሰው ቁጣው ብቻ ነው የቀራቸው። ሁለተኞቹ ገና ጎረቤቶቻቸውን እየጠሩ ነበር» አለች። ሐኪሞቹም ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለው ያስባሉ።